የራስ ወገን ዳኛ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ጎረምሶች ተሰብስበው አየሁ። መካነ ሰላም ላይ ጎረምሳ ሜዳ ከወጣ ለእግር ኳስ ነውና ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ግን አንደኛው ጠፍጣፋ እንጨት ይዞ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ሌላው ከሩቅ ተንደርድሮ መጣና ክንዱን ሳያጥፍ ትንሽ ኳስ ወረወረለት። እግሬ እዚያው ቆመ። የያዝኩትን የድንች ፌስታል መሬት አስቀመጥኩ።

ልጆቹ ከዐረብ አገር የተመለሱ ናቸው። ጨዋታውን የተማሩት እዚያ አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩ ፓኪስታኖችና ሕንዶች ነው። ዓርብ ዓርብ መኪና ማቆሚያ ላይ ይጫወቱ እንደነበር፣ የቴኒሱንም ኳስ በኤሌክትሪክ ፕላስተር የሚጠቀልሉት ክብደት እንዲኖረው መሆኑን ነገሩኝ። ክሪኬት ይባላል ብለው ሊያስተምሩኝ ሲጀምሩ እስኪጨርሱ ታገስኳቸው። ከዚያ፣ እናቶቻቸው ገና ዳዴ ሲሉ በዚሁ ከተማ ክሪኬት እጫወት እንደነበር ነገርኳቸው። ተያይተው ሳቁ። ሽማግሌውን ቅዠት ጀመረው ብለው ይሆናል። በኋላ ግን ሕጉን በትክክል ስነግራቸው ሳቃቸውን ተዉና ዳኛ እንድሆንላቸው ለመኑኝ። እሺ ለማለት አፌ ዘገየ። ለምን እንደዘገየ ላውጋችሁ።

ያን ጊዜ ሒሳብ የሚያስተምረን ሚስተር ቶማስ የሚባል ሕንዳዊ ነበር። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው ስለነበረ የእኛን ብርድ አልቻለውም። ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በላዩ ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ ይገባና እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ያስተምረናል። ከተማው የወደደው ግን በሒሳቡ ሳይሆን በበርበሬው ነው። ሆቴል ገብቶ ወጥ ሲቀርብለት ሚጥሚጣ ጨምሩልኝ ይል ነበር፤ ያንን ያየ የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ ፈረንጅ ያልሆነ ፈረንጅ መጣልን ብሎ አወራለት። ራሱን ወዲህና ወዲያ ሲነቀንቅ እሺ ይበል እምቢ ይበል እስኪገባን ግን ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

ክሪኬትን ያመጣልን እሱ ነው። ትክክለኛው ጨዋታ አምስት ቀን እንደሚፈጅ፣ መሀል ላይም ለምሳና ለሻይ እንደሚቋረጥ ሲነግረን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አምስት ቀን ሙሉ ከብቱን ማን ይመልስልናል ብሎ የጠየቀው ሰይድ ነበር።

ሰይድ ጓደኛዬ ብቻ አልነበረም። የእኔ ቀዬ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወርደው ጫፍ ላይ ነው፤ በእግር አንድ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ስለዚህ ለትምህርት ከተማ ስመጣ አባቴ በእነሰይድ ቤት አስጠጋኝ። እናቱ እትዬ ዘሀራ ባሏ ሞቶባት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። እነሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በቤቱ ሥጋ የተሠራ ቀን ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ በትንሽ ድስት ትሠራልኝና ሰይድን «አንተም ከወንድምህ ጋር ሽሮህን ብላ» ትለው ነበር። ሰይድ ሥጋውን እያየ፣ እያጉረመረመ፣ ከእኔ ጋር ሽሮ ይበላል። የጾም ቀኖቼን ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምታስታውሳቸው።

እንግዲህ ጨዋታውን አሳጥረን ለመካነ ሰላም እንዲሆን አድርገን የቆረጥነው ሰይድና እኔ ነን። ትምህርት ቤት ከተለቀቀ በኋላ ከብት እስኪገባ ድረስ ባለው ጊዜ ማለቅ ነበረበት። ለአንዱ ቡድን ስድስት ዙር ብቻ፣ በየዙሩ ስድስት ውርወራ፣ ይወረወርለታል። ሁሉም ሰው ተራውን ይወረውራል፤ ጉልበተኛው ብቻውን ይዞ እንዳይቀር። ኳሱን እየመታ ከመስመር መስመር ሮጦ ሃያ ሩጫ የሞላለት መቺ በቃው ተብሎ እንጨቱን ለሌላ ይሰጣል። ኳሱን የሰው ገብስ ውስጥ የከተተ ከጨዋታው ወጣ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ባለማሳው ዱላ ይዞ ይመጣል። ላም የመታ ኳስ አይቆጠርም። ጓዶቹ ሁሉ አልቀውበት የቀረው የመጨረሻው መቺ ግን ብቻውን መምታት ይችላል። ኳሷን ከጨርቅ ጠቅልለን በአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ለበጥናት። መምቻውን አናጢ ከቆላ በመጣ ዋንዛ ጠረበልን። መቺው ሮጦ የሚደርስበትን መስመር ደግሞ ከየቤታችን ባመጣነው አመድ እንሰምር ነበር፤ ከመስመሩ ወዲያ የተተከሉትን ችካሎች ኳሷ ቀድማ ከጣለቻቸው መቺው አልገባም፣ ወጥቷል ማለት ነው።

ያስቸገረን ዳኝነቱ ነው። ሚስተር ቶማስ ዳኛ ወጥቷል ብሎ ጣቱን ካነሳ አለቀ ይለን ነበር። እኛ አገር ግን ጣት ስለተነሳ ብቻ ነገር አያልቅም። ከተቃራኒ ወገን ዳኛ ሲሆን ድብድብ ይነሳል፤ ከሌላ ሰፈር እንዳናመጣ ጨዋታው የሚገባው ሰው የለም። በመጨረሻ ዳኛው ከመቺው ወገን ይሁን ብለን ወሰንን። የራስህ ሰው ከፈረደብህ ምን ቅሬታ ይኖርሃል? ለወገኑ እንዳያዳላ ደግሞ በመሐላ አሰርነው። ክርክር ከተነሳ ዳኛው በእናቱ ይምላል፤ ከማለ በኋላ አንድ ቃል መናገር ክልክል ነው። ወላሂ ይበቃል ያሉ ነበሩ፤ ወላሂማ ለአንድ ጭብጥ ቆሎም ስንጣላ እንለው ስለነበር እናት ይሻላል አልን። ሚስተር ቶማስ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ይሁን እምቢ ያን ቀንም አልለየሁትም።

ዳኛ ለራሱ ወገን እንዳያዳላ ብቻ ነበር ያሰብነው። ወገኑን አሳልፎ ይሰጣል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ሚስተር ቶማስ ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ከአገሩ ይዞት የመጣውን እውነተኛ መምቻ ለአሸናፊው ቡድን አለቃ ትቼ እሄዳለሁ አለን። ታች ሰፈርና ላይ ሰፈር ሊጋጠሙ ሆነ። የታች ሰፈር አለቃ እኔ ነበርኩ። ሚስተር ቶማስ ያን መምቻ አንዴ አስይዞኝ ያውቃል፤ እጀታው በክር የተጠመጠመ፣ ዘይት ዘይት የሚሸት፣ ሲያነሱት የማይከብድ ነገር ነበር። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ የተመኘሁት ነገር አልነበረም። የእኔ ብዬ የምጠራው አንድም ዕቃ አልነበረኝም፤ የምተኛበት ቁርበት እንኳ የእትዬ ዘሀራ ነው። የላይ ሰፈር አለቃ ደምሴ ደግሞ አባቱ እህል ወደ ደሴ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ነበራቸው። መኪናዋ አቀስታን አልፋ ስትሄድ የምታነሳውን አቧራ ሳይቀር እንቀናባት ነበር።

የበልግ ገብስ እሸት የደረሰበት ወቅት ነው። ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ እሸት እያሸ ይቅም ነበር። ደመናው ከወደ ዓባይ እየከበደ ስለመጣ ቶሎ ቶሎ ተጫወትን። የእኛ ልጆች አንድ በአንድ ወጡና እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ አንድ ሩጫ ካገኘሁ አሸንፈናል፤ የቀረውም አንድ ውርወራ ነው። ዳኛችን ሰይድ ነበር። ስገባ ትከሻዬን መታ አደረገና «አብሽር፣ እኔ አለሁልህ» አለኝ።

ኳሷን መታኋት። በጅረቱ በኩል ተንከባላ ሄደች። ሮጥኩ። እንጨቴን ወደፊት ዘርግቼ አመዱ ላይ ስወድቅ ጆሮዬ የሰማው የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ችካሎቹ የወደቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀና ብዬ ሳይ የእንጨቴ ጫፍ ከአመዱ መስመር አልፎ ሳሩ ላይ ተኝቷል። ሰይድ እጁን ቢዘረጋ ይነካኝ ነበር፤ እዚያው አጠገቤ ነው የቆመው።

ደምሴ ወጥቷል ብሎ ጮኸ። እኔ አልደነገጥኩም። ሰይድን ንገራቸው አልኩት። ሰይድ ግን መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ጣቱን አነሳ። ያኔም የገባኝ አይመስለኝም፤ አቧራው ጋርዶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መሐላው ሲመጣ ይመለሳል ብዬ፣ እኔው ራሴ፣ «ማል» አልኩት።

«እናቴ ትሙት፣ አልገባም» አለ።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝና አንድ ቃል መናገር አልቻልኩም። ሚስተር ቶማስ ወደ እኔ መጥቶ ደርሰህ ነበር ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ዳኛው ምሏል አልኩት። መምቻውን ለደምሴ ሲሰጠው ዝናቡ ጀመረ።

ያን ማታ ከሰይድ ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀረብን። እትዬ ዘሀራ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቅርባልን ምን አኮረፋችሁ እያለች ታባብለናለች። ሰይድ በላ። እኔ አልወረደልኝም። እሷ ጢሱ አፍኗት ስታስል ክው አልኩ፤ ከዚያም በኋላ ባሳለች ቁጥር እንዲሁ ነበርኩ። በስሟ ምን እንደተባለ አታውቅም። እኔ ግን ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የደምሴ አባት መኪና እህል ጭና ስትወጣ ሰይድ ከኋላ ተንጠልጥሎ አየሁት። ረዳት ሆኗል። ሰውዬው ከዘመዳቸው ውጪ ረዳት ወስደው አያውቁም፤ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ የሚመኘው ቦታ ነበር። ለምን እንደማለ የገባኝ መንገዱ ዳር ቆሜ ነው። እሱም አየኝ። እጁን አውለበለበና «አብሽር» ብሎ ጮኸልኝ። አንዲት ቃል እንደዚያ አንገብግባኝ አታውቅም።

ለእናቱ አልተሰናበታትም። ምን ብናደርገው ነው እንዲህ ጥሎን የሄደ እያለች እኔን ትጠይቀኝ ነበር። እውነቱን ለእሷ ልነግር ነው? ትምህርቴን እስክጨርስ ውሃዋን ቀዳሁ፣ እንጨቷን ፈለጥኩ። ሥጋ በተሠራ ቀን አሁንም ትንሿን ድስት ትጥድልኝ ነበር፤ ሽሮውን ግን ብቻዬን በላሁት።

ሰይድ በዚያች መኪና ደሴ፣ ከደሴ አሰብ፣ ከአሰብ ጅዳ ገባ። ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት አሠራላት፤ ይህን አልክድም። የመጣው ግን ስትሞት ነው፤ አርጅታ፣ ጥርሷ አልቆ፣ በሰላም ነው የሞተችው። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ጊዜ አላገኘውም። ገብቼ ነበር አይደል ወይ አልኩት። ምን እንደምለው ወዲያው ገባው። ፈገግ አለ።

«ገብተህ ነበር። ጨዋታ እኮ ነው ጌታቸው። እሷስ ብትሆን፣ ይኸው ስንት ዘመን ኖረችልን።»

እኔ የጠየቅሁት ስለ ጨዋታው አልነበረም። ስለ ሽሮው፣ ስለ ቁርበቱ፣ ስለዚያች ቤት ነበር። ተነሥቼ ሻይ ለሚያድሉት ልጆች ማገዝ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ መሐላ አልወድም። ባለቤቴ እንኳ ስትምልልኝ ሳትምይ ንገሪኝ እላታለሁ፤ እሷም ትቆጣለች። የሰው መሐላ ስሰማ የማምነው ቀንሶ እንጂ ጨምሮ አያውቅም። እኔም ምዬ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ግን ልጆቹ ሲለምኑኝ እሺ አልኩና ቆምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። በችካል ፈንታ የለስላሳ ሳጥን አቁመዋል። አንድ ቀጭን ልጅ መትቶ ሮጠ፤ ሸርተት ብሎ ሲገባ ኳሱ ሳጥኑን መታ። ዐይኔ ገና አልደከመም፤ ቀድሞ ደርሷል። ገብቷል አልኩ። ተቃራኒዎቹ ተንጫጩና አንደኛው በትሕትና ቀረበኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው በእናትዎ ይማሉልን።»

መስደቡ አልነበረም። እኛ አገር ልማዱ ነው፤ ማንም ሳያስተምራቸው እዚያው ሕግ ላይ ደርሰዋል።

«አልምልም» አልኩት። «አይቻለሁ፤ ገብቷል።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ካልማሉማ በደንብ አላዩትም ማለት ነው ተባባሉ። ከራሱ ከልጁ ወገን የሆኑትም ተቀበሉት። ውርወራው ይደገም ተባለ፤ ተደገመና ሳጥኑ ተመታ። ቀጭኑ ልጅ እንጨቱን ለሌላ ሰጥቶ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ቢምሉልኝ ምን ነበረበት ጋሼ አለኝ። ድንቼን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ልጁ ግን ገብቶ ነበር።