እንጦጦ ላይ የበቀለው የሞጆ ስንዴ

ወይዘሮ ብዙነሽ ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ባላቸውንም እዚያው ቀብረዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘሩት ገብስ ነው። ስንዴ እዚህ ብርድ ላይ አይሆንም ሲሉ አባታቸውን ሰምተው፣ ያንኑ አምነው ኖረዋል።

ልጃቸው ሃይሚ የካ ውስጥ ብስኩት እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ባሏ የሞጆ ልጅ ነው። አንድ ፋሲካ የባሏ አባት አቶ ነገሳ ከማሳቸው ለስላሳ ስንዴ ይዘው መጡ። ጥርስ ላይ ሲያደርጉት እንደ ሌላው ስንዴ አያስቸግርም፤ ወዲያው ይደቃል። ሃይሚ ከዱቄቱ የጋገረችው ብስኩት አፍ ውስጥ ሟሟ። ወይዘሮ ብዙነሽ ቀመሱና ለዘር የሚሆን ጥቂት ጠየቁ።

አቶ ነገሳ ሳቁ። «ይሄ የሙቀት አገር ዘር ነው፤ እናንተ ጋ ብርድ ይጨርሰዋል» አሏቸው። ቢሆንም አልነፈጓቸውም።

እንዳሉትም ሆነ። ወይዘሮ ብዙነሽ ከዘሩ ገሚሱን ወንዝ ዳር ካለው ጥሩ መሬታቸው ላይ ሐምሌ ዘሩት። ስንዴው አማረ፤ ጥቅምት ላይ ሲያብብ ግን ውርጭ መታው። ዛላውን ሲያሹት ገለባ ብቻ ሆነ። ጎረቤት አዘነላቸው። እሳቸው ግን ማለዳ እየወጡ ውርጩ የት እንደሚያርፍ አዩ። ታች ረባዳው ነጭ ለብሶ ሲነጋ፣ ከፍ ያለው ተዳፋት ምንም አልነካውም።

በቀጣዩ ዓመት የቀረውን ዘር ተዳፋቱ ላይ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ከማይደርስበት፣ ሰኔ እንደገባ ዘሩ። አፈሩ ስስ ስለነበር ፍግ በጀርባቸው አመላለሱ። ውርጩ ሳይደርስ ፍሬው ሞላ።

በዚያው ዓመት ሞጆ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። የአቶ ነገሳ ስንዴ ተጨማደደ፤ ለዘር የሚሆን አልተረፋቸውም። ጥር ላይ ዳገቱን ወጥተው መጡና፣ መጠየቁ ቢያሳፍራቸው ስለ ብርዱ ብቻ ብዙ አወሩ።

«አቶ ነገሳ፣ ዘር ፈልገው ነው የመጡት?» አሏቸው ወይዘሮ ብዙነሽ።

«አዎ። ግን ብርድ የለመደ ዘር እኛ ጋ ይሆናል?»

«የእናንተ ልጅ አይደል እንዴ? ይውሰዱት። እዚህ የጠፋ ዓመት ደግሞ እኔ እመጣለሁ።»

ሞጆም በቀለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ይዘራሉ፣ ዘርም ይለዋወጣሉ። ወይዘሮ ብዙነሽ ገብሱን አልተዉም፤ ተዳፋቱን ግን ለስንዴው ለቀዋል። ዘንድሮ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ያሉት አቶ ልደቱም ጥቂት ወስደው ዘርተዋል። ወይዘሮ ብዙነሽ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ማሳው ዳር ቆም ብለው ያዩላቸዋል።