የፍሬዛዋ ቁጥርና ጋሽ በላቸው

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ አንዳችሁ እንኳ "ተሳስተሃል፣ ሌላ በላቸው ነው" በሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር የጋሽ በላቸው ልጅ ከአዳማ ደወለችልኝ። "አባቢን አጣነው" አለች። እኔ ደግሞ "እስቲ ስልኩን ስጪው" አልኳት። ሰው ሲደነግጥ የሚናገረውን አያውቅም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሽ በላቸውና እኔ እዚህ ዶሃ፣ የፋብሪካዎቹ ሰፈር ሰናዒያ ውስጥ ባለ የብረት ሥራ ወርክሾፕ፣ እሱ ፍሬዛ ላይ እኔ ብረቱን ራሱን እያሽከረከረ በሚቀርጸው ቶርኖ ላይ ጎን ለጎን ሠርተናል። ማደሪያችንም ናጅማ ሰፈር አንድ ክፍል ነበር፤ እሱ ከላይኛው አልጋ፣ እኔ ከታች። ያ ቤት የሚያናጋ ማንኮራፋቱ ዛሬ ናፈቀኝ።

ፍሬዛ በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን ነው። ፍጥነቱ ለብረቱ ልክ ካልሆነ መቁረጫው ይሰበራል። የኛዋ አሮጌ ስለሆነች የፍጥነት ቁጥሮቿ ተፍቀው ጠፍተዋል። ጋሽ በላቸው ግን ቁጥር ፈልጎ አያውቅም። እጀታዋን እያዞረ ጆሮውን ዘንበል ያደርግና "እ፣ አሁን መጣች" ይላል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ብረቱ እንደ ቅቤ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ተነስቶ "ለዚህች ማሽን የፍጥነት ማሳያ ካልገጠምኩላት" ሲል ሳቅንበት።

"ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?" አልኩት።

"ዘመኑ ነው" ብሎ ዘጋኝ።

ዕቃው ከዱባይ ሊመጣ ነበር፤ ጎረቤት አገሮች በኳታር ላይ ድንበር ሲዘጉ እሱም ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይተወዋል። እኔም "ኸላስ፣ ተወው" አልኩት። ጋሽ በላቸው ግን ኸላስ የሚል ሰው ሲገጥመው የሚላት ነገር ነበረችው፦ "ሞክረህ ነው ወይስ ደክሞህ?" ስንቴ እንዳፋጠጠኝ በዚህች!

ናጅማ ካሉ ሱቆች ቁጥር የምታበራ ትንሽ ማሳያ፣ ማግኔትና ሴንሰር ለቃቅሞ መጣ። ማግኔቱን ከመቁረጫው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ፑሊው ላይ ትለጥፋለህ፤ በሴንሰሩ ፊት ባለፈ ቁጥር ይቆጠራል፤ ማሳያዋ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ ትነግርሃለች። አርብ በእረፍታችን የወርክሾፑን ቁልፍ ለምኖ ገጠማት። ቁጥሩ ሲበራ እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

ቅዳሜ ሥራ ጀመረ። ከቶርኖዬ ሆኜ ስሰማ ፍሬዛዋ ታቃስታለች።

"ጋሼ! ቀርፋፋ ናት፣ ድምጿ ልክ አይደለም!"

ጣቱን ወደ ማሳያዋ ቀሰረ። "ስምንት መቶ ትላለች እኮ!"

መቁረጫው ጣ ብሎ ተሰበረ። ሌላ አስገባ፤ እሱም ተሰበረ። ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ እየሮጠ መጥቶ "ሃዳ ሙ ዜን! ያላ፣ ሺል!" አለ፤ ይህ ጥሩ አይደለም፣ ማሳያዋ ትነሳ ማለቱ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ያ ሰው ያንን ማቃሰት እንዴት አልሰማም? ሻይ ሰዓት ላይ ከኋላው ሆኜ ስሙን ጠራሁት። ዝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ዝም። ትከሻውን ስነካው ዞረ፣ ፊቴን ሲያይ እንዳወቅኩበት ገባው።

"ጆሮዬ ከዳኝ" አለኝ። "የማሽኑ ድምፅ እንደ ድሮው አይመጣልኝም። ሙዲሩ ከሰማ ፍሬዛዋን ለሌላ ሰጥቶ እኔን ወደ አገሬ ነው። ተባርሬ ልጆቼ ፊት አልቆምም። የምገባው ራሴ በቃኝ ስል ነው።"

"ታዲያ ማሳያዋን ላንሳልህ?" ስለው በዚያችው ጥያቄው አፋጠጠኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ግን መፍቻ አቀበልኩት።

ፑሊው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ማሽኗን በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሳ። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ፣ እሱ በዓይኑ ዙሩን ቆጠረ። ማሳያዋ የምትለው ልክ እጥፉን ነው! ለካ ጥፋቱ የራሱ ጥንቃቄ ኖሯል። ማግኔቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ፑሊው ሚዛን ይስታል ብሎ ትይዩ ሁለተኛ ማግኔት ለጥፏል። ምስኪን ሴንሰር አንዱን ዙር ሁለት እያለ ይቆጥራል። ስምንት መቶ ያልነው አራት መቶ ነበር። በሳቅ ፍርስ አልን። ከዚያ ሁለተኛውን ማግኔት ነቀለና በክብደቱ ልክ ሴንሰሩ የማይቆጥረው የነሐስ ቁራጭ ተካበት። ማሽኗም ሳትንቀጠቀጥ ቁጥሩ ተስተካከለ።

የሚገርማችሁ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። አልተደበቀም። ራሱ ሙዲሩ ጋ ሄዶ "ጆሮዬ ደክሟል። ሥራዬን እይና ፍረድ" አለው። እኔ ቶርኖዬን አጥፍቼ በቁሜ ቀረሁ። ሙዲሩ አጠገቡ ቆሞ ብረቱ ተቆርጦ እስኪያልቅ አየ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ "ዜን" ብሎ ሄደ።

ጋሽ በላቸው ፍሬዛዋ ላይ ቆየ። ዘንድሮ ነው በገዛ ፈቃዱ ሥራ ለቆ አገሩ የገባው። ኤርፖርት ስሸኘው ኮቱን አስተካክሎ እንደ ሙሽራ ነበር የሚሄደው።

ዛሬ ሙዲሩ "ሩህ፣ ሂድና እረፍ" አለኝ። አልሄድኩም። አሁን ፍሬዛዋ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ የተጀመረ ሥራ አለ፣ ጨርሼ ነው የምወጣው። እንባዬን ያዩ የወርክሾፑ ልጆች አቧራ ነው ብለው አልፈውኛል፣ እግዜር ይስጣቸው።

ጋሼ፣ እዚህ አገር ስንቱ በሰው አፍ "በቃህ" ተብሎ ሲሸኝ አንተን ማንም እንደዚያ አላለህም። በቃኝ ያልከው አንተው ነህ። ሞት ግን ሳይጠይቅህ ወሰደህ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ቢጠይቅህ "ገና ነኝ" እንደምትለው ያውቃላ።

ደህና ሁን፣ ጋሼ።