ተንሸራታች በር ያለው ሞተር

በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «መስታወት» ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሟል፤ ከእጁ የወጣ ብረት ሁሉ ፊት ያሳያል። ጎረምሶቹ መካኒኮች ለምሳ ሲወጡ ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉት እሱ ያለሰለሰውን ብረት እያዩ ነው። አለቃው «ምነው መስታወት፣ ይሄ እኮ የውሃ ፓምፕ ነው፤ ሙሽራ አስመሰልከው!» ይሉታል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ማሸቱን ይቀጥላል። ሸካራ ብረት ከሚያስረክብ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ አደባባይ ቢወጣ ይመርጣል።

ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግትር ነው፤ ይህንንም ማንም አይክድም፣ ሚስቱማ ከማንም በፊት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አብዛኛው ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ቤታቸው ሳሎንና መኝታ ቤት አለው፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ትልቅ መስኮት ያለው አንድ ትርፍ ክፍል። ልጆቹ አግብተው ሲወጡ ያ ክፍል ለስፌት መኪናው ይሆናል ተብሎ ነበር። ይሁንና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኖረበት አንድ ሞተር ነው። ስፌቱ መኝታ ቤት፣ ጨርቁ አልጋ ላይ፣ ክሩ ትራስ ላይ ሆኖ ቀረ። መርፌ የጠፋ እንደሆነ ባልየው በጎኑ ያገኘዋል።

የሞተሩ ነገር እንዲህ ነው። ትንንሾቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ያለው ባለሁለት ምት ሞተር መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ የሚባል ነገር የለውም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ፤ ውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን ሲወርድ ይከፍታቸዋል፣ ሲወጣ ይዘጋቸዋል። አንዱ ጭስ ያስወጣል፣ ሌላው አዲስ ነዳጅ ያስገባል። ችግሩ የጭሱ መስኮት ቀድሞ ተከፍቶ ዘግይቶ መዘጋቱ ነው። ስለዚህ ገና ከገባው ነዳጅ ጥቂቱ ሳይቃጠል በዚያው ሾልኮ ይወጣል። መስታወት የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በፈታ ቁጥር በነዳጅ የራሰውን ውስጡን እያየ ይበግናል። «እንግዳ ጠርቶ ውሃ እንኳ ሳያቀምሱ በጓሮ በር ማስወጣት!» ይላል።

አንድ ቀን ከፋብሪካ የተጣለ አሮጌ የእንፋሎት ፓምፕ ሲፈታ፣ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ የእንፋሎቱን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ ጠፍጣፋ ብረት አገኘ። መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እንዲህ ያለ ብረት የጭሱ መስኮት ላይ ቢያደርግስ? ፒስተኑን ሳይጠብቅ በራሱ ሰዓት ቀድሞ ቢዘጋስ? ቤቱ እንደገባ ወረቀት ቢያጣ የሚስቱን የቅድ ወረቀት ገልብጦ በጠመኔዋ ነደፈው። በነጋታው እሷ ጀርባውን ሳታይ ቆረጠችውና የአንድ ተማሪ እጅጌ ሆነ። እንደገና ነደፈና የአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ሞተር ትርፉ ክፍል አስገብቶ ብረቱን ይገጥምለት ጀመር፤ ግን «የመጀመሪያው ይሻል ነበር» ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው የዩኒፎርሙ ሥራ እንደ ጎርፍ መጣ። ሚስት ወገቧን ይዛ የትርፉ ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ወይ ይሥራ ወይ ይውጣ።»

«ትንሽ ነው እኮ የቀረው።»

«ትንሽ የቀረው ትንሿ ልጃችን በተዳረች ሰሞን ነበር። እሷ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።»

ተዋዋሉ። ስድስት እሑድ ተሰጠው። ከስድስቱ በአንዱ ሞተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቆም ከሠራ ክፍሉ የእሱ፤ ካልሠራ ደግሞ የብረት ማሰሪያ ሞርሳውንም ሞተሩንም ነቅሎ ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ የሞተር ነገር በቤቱ አይነሳም። ዳኛ ሆነው የተመረጡት የእሷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆኑ ሁለቱም «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ የሞተርን ሕመም በጆሯቸው አውቃለሁ ይላሉ።

የመጀመሪያው እሑድ ሞተሩ የማስነሻ ገመዱ ሲሳብ በሦስተኛው ተነሣ። ጭሱ በቱቦ በክፍሉ መስኮት ወጣ፤ ጭስም አይባል፣ ስስ ነው። መስታወት ልቡ ቅቤ ጠጣ። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ግን አንድ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣና ሞተሩ ቀጥ አለ።

«ነክሶታል» አሉ ጋሼ።

መስታወት ሲፈታው ተንሸራታቹ ብረት ግሎ፣ የሚንሸራተትበትን ገጽ ነክሶ አገኘው። ጭረቱ በግልጽ ይታያል። መስታወት ደግሞ ጭረት ሲያይ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው፤ ማሸት። ሳምንቱን ሙሉ አሸው። በሁለተኛው እሑድ አሥራ አራት ደቂቃ ሠራ። ይበልጥ አሸው፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ከጋራዡ ያችን ለክፉ ቀን የደበቃትን የማለስለሻ ዱቄት አምጥቶ በቆዳ አሸው፤ ስድስት ደቂቃ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ! በአምስተኛው እሑድ ብረቱ ከመስታወትም በልጦ ነበር፤ ጋሼ ጥርሳቸውን አዩበት። ሞተሩ አራት ደቂቃ ሠርቶ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ቁርስ አቅርባለት፣ የልብስ መለኪያ የምትጽፍበትን ደብተር አመጣች። በደረትና በትከሻ ልክ መሀል አምስት ቁጥሮች ተጽፈዋል።

«እስቲ አንብበው» አለችው።

«አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ አራት። ቁስሌን ልትነካኪ ነው?»

«ባሸኸው ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ይሄ ብረት መታሸት አልተስማማውም።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ብረት ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ብረት አላውቅም። ግን የሰው ወገብ በየሳምንቱ ስለካው እየጠበበ ከመጣ ሰውየው ታሟል ማለት ነው፤ ይህን አውቃለሁ።»

ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሄደ። ልስላሴ ይጎዳል? ሠላሳ አንድ ዓመት የለፋበት ሙያ? ጋራዥ ሲደርስ ግን የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይለብስ ሁለት ያለሰለሳቸውን ጠፍጣፋ ብረቶች አነሣ፣ በመሀላቸው ዘይት ጠብ አደረገና ተጫናቸው። ዘይቱ በጠርዙ በኩል ተጠርጎ ወጣ። ሊያላቅቃቸው ሲል እምቢ አሉት። ጎተተ፣ ጠመዘዘ፤ ተጣብቀዋል። ዘይቱ የሚያርፍበት ጭረት፣ የሚደበቅበት ጉድጓድ አንድም የለም፤ ሁሉንም በገዛ እጁ አጥፍቶታል። ብረቶቹን እንደያዘ ሳቁ መጣ። አለቃው ከቢሯቸው ብቅ ብለው «መስታወት አበደ?» ብለው ጠየቁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማድረጉ ግን ሞት ነው። ሐሙስ ከሥራ መልስ ያንን ያማረ ብረት ሞርሳ ላይ አሰረው፣ መፋቂያውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። እንደገና አነሣ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ጫረ፤ ከዚያ በኋላ እጁ ለመደ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ጥፍር እንኳ የማይይዛቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አወጣበት። ሲጨርስ ብረቱ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መሰለ። ከጋራዥ የሚያውቀው ሰው ድንገት ቢመጣ እንዳያይበት በጨርቅ ሸፈነው።

ስድስተኛው እሑድ ደረሰ። ጋሼ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሚስት በርጩማ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ የምትዘመዝመው ቀሚስ ጭኗ ላይ አለ፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። ሞተሩ ተነሣ። አራት ደቂቃ አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ። አሥራ ዘጠነኛውም አለፈ። በሠላሳኛው መስታወት ተንሸራታቹን ብረት የምታረጥበውን የዘይት ጽዋ ሞላ፤ ዓይኑን ከጋሼ ሰዓት ሳይነቅል ግማሹን ጫማው ላይ አፈሰሰው። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና «ይሄ ሞተር እንቅልፍ ያስወስዳል» አሉ።

«ሰዓት ሞላ!» ብለው ሲነሡ እውነትም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ክፍሉ ያንተ ነው። ፍርድ ነው፤ ይግባኝ የለውም።» እህታቸውን ጀርባዋን መታ መታ አድርገው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

መስታወት ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ጆሮ ያስጮሃል። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ደስ ብሎት ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ደስታ ነው። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ባትነግሪኝ ኖሮ እኮ ዛሬ ክፍሉ ያንቺ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቁጥሩን መቼ ነው ያየሽው?»

ቀሚሱን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «በሦስተኛው እሑድ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩህ። ክፍሉን ፈልጌው ነበር፤ ምን እደብቅሃለሁ? መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስሰፋ በሐሳቤ አየው ነበር። ኋላ ግን በአራት ደቂቃ የቆመ ዕለት ደረጃው ላይ ስትቀመጥ አየሁህ። አንጀቴን በላኸው።»

«ሁለት ሳምንት ብቻ?» አላት። «እኔ ብሆን ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት አፌን እይዝ ነበር።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን እውነቱን ነበር፤ እውነቱን መሆኑንም ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፣ መኝታ ቤት ገባና የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ በአንድ ወገን ያዘ።

«ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢ» አለ። «መስኮቱ ሥር ነው የምናስቀምጠው።»