የዮናስ ተራ

ትናንት እራት ቀርቦ ልጄ ናትናኤል ከኮምቦልቻ አልተመለሰም ነበር። ሐምሌ ነው፤ ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት መንገድ ከቀትር በኋላ በጭጋግ ይሸፈናል። ስልኩ ላይ ብደውል ብደውል አይነሳም። በቤታችን ደንብ ከእራት በፊት እያንዳንዱ ሰው በዕለቱ ስላገኘው አንድ ነገር እግዚአብሔርን ያመሰግናል። የቀረ ሰው ካለ፣ ከወንበሩ አጠገብ የተቀመጠው በእሱ ፈንታ ያመሰግናል። ከናትናኤል ወንበር አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ።

ደንቡን ያወጣችው እናቴ ናት፤ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ በዚሁ ቤት። ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም። "ስለ ሁሉም ነገር" ብሎ መገላገልም ክልክል ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለእራት የሚሆን ምስጋና ስንለቅም እንውል ነበር። ወንድሜ ዮናስ ግን ቀልደኛ ነበር፤ አንዴ "ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ጸሎቱ ስላለቀ" ብሎ አባባን በሳቅ አፍርሶታል።

በደርግ ዘመን፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዮናስ ዘመተ። እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ አጠገቡ እቀመጥ ስለነበር ተራው ለእኔ ደረሰ። ደብዳቤ ሲመጣ ቀላል ነበር። ከዚያ ደብዳቤው ቀረ። "በሕይወት ስላለ" እንዳልል አላውቅም፤ ዝም ብል ደግሞ በአፌ የገደልኩት ይመስለኛል። "የምታውቂውን ብቻ በይ" አለችኝ እማዬ። ምን አውቃለሁ? የሰፈሩ ውሻ በጮኸ ቁጥር መርዶ ነጋሪ የመጣ እየመሰለኝ ወደ በሩ እሮጣለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከዮናስ ጋር የነበረ ሰይድ የሚባል ወታደር እግሩን ቆስሎ ኮምቦልቻ ወላጆቹ ቤት መግባቱን ሰማን። በማግስቱ አባባና እኔ በሚኒባስ ወረድን። ሐረጎን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ የደሴን ብርድ ፈርቼ የደረብኩትን ሹራብ አወለቅኩ። አባባ መንገዱን ሙሉ ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ነበር።

የሰይድ እናት "ግቡ፣ አብሽሩ" ብለው ተቀበሉን። እርጎ ቀረበ፤ አባባ አልነካውም።

"ልጄን መቼ አየኸው?" አለ።

"ከቆሰልኩ ወዲህ አላየሁትም ጋሼ። ወላሂ አልዋሽዎትም" አለ ሰይድ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሰናይት አንቺ ነሽ? ማታ ማታ የእናንተን ተራ እሱ ነበር የሚያደርሰው፤ ይሄ የእናቴ፣ ይሄ የአባቴ እያለ። አንድ ቀን ብርድ ሲያንቀጠቅጠን፣ 'ይሄ የሰናይት ነው፤ ዛሬ ሹራቧን የትም ሳትረሳ ስለገባች' ብሎ አመሰገነ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ።"

እጄ ሹራቤን ፈለገ። የለም። ሚኒባሱ ውስጥ ረስቼዋለሁ። አባባ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲለወጥ ሰይድ አንገቱን ደፋ።

ዮናስ አልተመለሰም። መርዶው ተነግሮ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እማዬ እንደገና ማዕዱ ዙሪያ አስቀመጠችን። ተራው ሲደርስ፣ "የማመሰግንበት ምንም የለኝም!" ብዬ ጮህኩ። በእሷም በእግዚአብሔርም ተናድጄ ነበር። አልተቆጣችኝም። ዓይኗን ጨፍና፣ "ልጄ እዚያ ሆኖ የእህቱ ብርድ ስላሳሰበው፣ ጌታ ሆይ አመሰግንሃለሁ" አለች።

ምስጋና ፍርሃትን ያባርራል ሲባል እሰማለሁ። ከእኔ ዘንድ አላባረረውም፤ ሁለቱ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ። ትናንትም የናትናኤል ተራ ሲደርስ ሌሎቹ ልጆቼ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። የማውቀውን ብቻ አልኩ፦ "ጠዋት ሹራቡን ለብሶ ስለወጣ።"

"አሜን" አሉ። ወጡ ቀዘቀዘ። ብዙ ቆይቶ የግቢው በር ተንኳኳ። ናትናኤል በሸሚዝ ብቻ፣ በስብሶ ገባ። የተሳፈረበት መኪና ጭጋጉ ውስጥ ተበላሽቶ፣ ስልኩም ጠፍቶበት ነው።

"ሹራብህስ?" አልኩት።

"ውይ እማ! መኪናው ውስጥ ረሳሁት።"

አቅፌው ሳቅኩም አለቀስኩም፤ እሱ ግራ ገባው። ዛሬ ማታ ስለ ምን እንደማመሰግን ከአሁኑ አውቃለሁ፤ ስለተረሳው ሹራብ።