በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ

ልጆቹ ናቸው ጻፊልን ያሉኝ። በበዓል ሰሞን የልጅ ልጆቼ ስልካቸው ላይ የቅናሽ ማስታወቂያ እያገላበጡ፣ "እማማ፣ አንቺ ግን ባዛር ሄደሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "እንዴታ! ሰንጢ ልገዛ ሄጃለሁ" ስላቸው ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። "ሰንጢ? ማንን ልትወጊ ነው?" ከዚያ ወዲህ ካልነገርሽን፣ ካልጻፍሽልን ብለው መቀመጫ ነሱኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። እግሬም እንደዚያው ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አይወድም።

ጎሮ የእኛ ሰፈር ለፋሲካ ቅርጫ አለ። ጎረቤቱ ተሰባስቦ በሬ ይገዛል፤ ጠዋት ይታረድና ሥጋው መደብ መደብ ተደርጎ እጣ ይወጣበታል። ድሮ መዳቢው የእኔ ባለቤት ነበር። እሱ የመደበውን ሥጋ አይቶ "ያኛው ይበልጣል" ያለ ሰው አላየሁም። ምደባው እስኪያልቅ ወንዶቹ ከሻኛውም ከጎድኑም ጥሬውን እየቆረጡ ይበላሉ፤ ሁሉም ከየኪሱ የየራሱን ሰንጢ እያወጣ። ሰንጢ ረስቶ የመጣ ሰው ያን ቀን የወሬ ማጣፈጫ ነው።

ባለቤቴን ደም ግፊት ጣለው። እግዜር ይመስገን፣ ተነሣ። አፉም እግሩም ተመለሱለት፤ ቀኝ እጁ ግን ቀረ። ሥጋ ቢያስቀምጡለት በመዳፉ ተጭኖ ይይዛል፤ ጣቶቹ ግን አይታዘዙትም። ባመመው ዓመት ቅርጫው ላይ ሄዶ፣ ያንን ጠንካራ የድሮ ሰንጢውን መክፈት አቅቶት በጥርሱ ሲታገል አዩት። አንዱ ጎረቤት አዝኖለት ሰንጢውን ከአፉ ተቀበለና ከፈተው። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሥጋውንም እንደ ሕፃን ልጅ ምሳ ከትፎ ከትፎ ሰጠው። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ባለቤቴ ግን አንድም ሳይቀምስ ተነሥቶ ቤቱ ገባ።

በቀጣዩ ፋሲካ አልሄደም። ድርሻችንን እኔ በሳህን አመጣሁ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚመጣውን የወንዶቹን ሳቅ ያዳምጥ ነበር።

"ሂድ እንጂ፤ ጠይቀውሃል" አልኩት።

"ምን ልሠራ? አፌን ልከፍትላቸው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተተከለ። ይሄ ሰው ዘንድሮም ከቀረ፣ ለሁልጊዜ ይቀራል። የወጥ ቤት ቢላ ይዞ እንዳይሄድ፣ "የሚስቱን የሽንኩርት መክተፊያ ይዞ መጣ" ይሉታል። ሰንጢ ነው የሚያስፈልገው፤ ኪስ የሚገባ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት። እንዲህ ያለ ሰንጢ መኖሩን ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ብርቱካን ሲልጥበት አይቼ አውቄያለሁ። ዓይኔን ተክዬበት ሲያፍር፣ "ይብሉ እማማ" ብሎ ግማሹን ሰጠኝ። እኔ እንኳ ያየሁት ሰንጢውን ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ የድሮውን ሰንጢ ለማወዳደሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ለባለቤቴ "ቅቤ ላጠያይቅ" ብዬ ከጎሮ ታክሲ ያዝኩ። ቦሌ ወርጄ መጀመሪያ የገባሁት መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ነው። ሰዓትና ሽቶ ተደርድሯል፤ ከመሀላቸው ሰንጢዎች፣ "የበዓል ቅናሽ" ተለጥፎባቸው።

"ማዘር፣ ለስጦታ ነው?" አለች ሻጯ። "ይሄ ኦሪጅናል ነው። ለዲስፕሌይ በጣም ነው የሚያምረው።"

"ለምን አልሽኝ?"

"ማለቴ፣ ሳሎን ውስጥ ለማስቀመጥ።"

"የኔ ልጅ፣ ሥጋ ነው የሚቆረጥበት።"

"ሥጋ? በዚህ?" የተሰደበች ያህል ሰንጢውን ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ዋጋውን ስሰማ እኔም መመለሷን ወደድኩት።

ከዚያ ወደ ባዛሩ አቀናሁ። አቀናሁ ልበል እንጂ፣ መንገድ ላይ የሰው ሕፃን አጫውቼ፣ የማልገዛውን ነጠላ ጥለቱን ዳብሼ፣ ዶሮ ተሸክማ ከምትሄድ ሴት ጋር ዶሮዋ እንቁላል ጣይ ናት አይደለችም ብለን ተከራክረን ነው የደረስኩት። በር ላይ ፈታሽዋ ቦርሳዬን ከፍታ ደነገጠች።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሰንጢ።"

"ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው እኮ!"

"ውስጥ አይሸጥም?"

"ይሸጣል።"

"እና ውስጥ እየሸጣችሁ ውጭ ትቀማላችሁ?"

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጓደኛዋን ጠርታ፣ "እኚህን እናት ተመልከቻቸው፣ ባዛር ሊዘርፉ ነው የመጡት" አለቻት። ሰንጢውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችልኝ፤ ስወጣ እንድወስደው።

ውስጡ ጩኸት ነው። በድምፅ ማጉያ ቅናሽ ይለፈፋል፤ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የልጆች ጫማው ተከምሯል። አንዱ ጋ መቀስም፣ ጠርሙስ መክፈቻም፣ ትንሽ ባትሪም ያለው ሰንጢ አሳዩኝ። ስለቱን ያዝ አድርጌ ብነቀንቀው እንደሚወልቅ የልጅ ጥርስ ወዲያ ወዲህ አለ። "ይሄ ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ ስለቱን ረስቶታል" አልኩና አለፍኩ። ሌላው ጋ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ጥፍሬ ላይ አሳርፌ ሞከርኩት። የማይረባ ስለት ጥፍር ላይ ይንሸራተታል፤ ጥሩው ንክስ አድርጎ ይቆማል። ይሄኛው ተንሸራቶ ሊያመልጠኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ፣ ጥግ ላይ ቁልፍና ቀበቶ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ አገኘሁ። ብዙ አያወራም። የምፈልገውን ስነግረው ጎንበስ ብሎ ከሥር አንድ ሰንጢ አወጣ። እጀታው እንጨት ነው፤ ስለቱ ጀርባ አጠገብ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ጉጥ አለችው። እጄ ላይ አልሰጠኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ስለት ከእጅ ወደ እጅ ከተቀባበሉት ያጣላል ይባላል፤ እሱም እንደኛ ያደገ ሰው ነው ብዬ ወደድኩት።

"ጉጧን በአውራ ጣትዎ ገፋ ያድርጓት እማማ።"

ቀኝ እጄን ዘርግቼ አነሣሁት። የሰው ዕቃ በግራ ማንሳት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ግራዬን ነጠላዬ ሥር ደበቅኩና፣ አንድ እጅ ብቻ ቢኖረኝ ብዬ አስቤ ገፋሁት። ቀጭ! ተከፈተ። ነቀነቅኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ጥፍሬ ላይ አሳረፍኩት፣ ንክስ አድርጎ ቆመ። ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩት። ቀጭ! ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩኝ ድረስ እንደ ልጅ ተጫወትኩበት።

"በል ቅናሽ አድርግልኝ" አልኩት።

"ቅናሹ ገብቶበታል እኮ እማማ።"

"እሱ ለሁሉም ሰው ነው። የኔን አምጣ።"

ሳቀና የኔንም አደረገልኝ። ስወጣ ፈታሽዋ የድሮውን እየመለሰችልኝ፣ "አንድ ይዘው ገብተው ሁለት ይዘው ወጡ!" አለችኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። አዲሱን ሰንጢ አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ነጠላዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ብዙ ብናገር እንደሚከፋው አውቃለሁ።

"ቅቤው ይሄ ነው?" አለኝ።

"ቅቤው ተወዷል። ይሄ ቅናሽ ላይ ነበር። በአንድ እጅ ይከፈታል፤ ራሴ ሞክሬዋለሁ።"

በግራ እጁ አነሣው፣ አገላበጠው፣ ጉጧን ትንሽ ዳሰሳት። ከዚያ ሳይከፍተው ኮቱ ኪስ ከተተው። "ጥሩ ዕቃ ነው" አለ። እስከ በዓሉ ድረስ ሲከፍተው አላየሁም፤ ልጠይቀውም ፈራሁ።

የፋሲካ ለት ጠዋት ኮቱን ለበሰ። እኔ ዶሮ ወጡን የማማስል መስዬ በጆሮዬ እከታተለዋለሁ። በሩ ተከፈተ። ሮጬ በአጥሩ ቀዳዳ ባይ፣ ከዘራውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ታጠፈ። ሱቁ የአንድ የወሎ ሰው ነው፤ ሙስሊም ነው፣ እኛ ሰፈሩ ውስጥ ስንገባ አብሮን የገባ፣ ደግ ጎረቤት። ሲጋራ ሊገዛ ነው፣ ወይ ሀሳቡን ቀይሮ እዚያ ሊቀመጥ ነው ብዬ ማማሰያዬን እንደያዝኩ አጥሩ ሥር ቀረሁ።

ትንሽ ቆይቼ ሳህኔን ይዤ ወደ ቅርጫው ሄድኩ። ከበሩ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በደከመችው ቀኙ ሥጋውን ተጭኖ፣ በግራው በአዲሱ ሰንጢ ሸርተት እያደረገ ይቆርጣል። ሰንጢው እንደ ውኃ ይሄዳል። አፉን ሞልቶ ይስቃል።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከውጭ ነው የመጣልዎት?" ይለዋል አንዱ።

"ሚስቴ ናት የገዛችልኝ፤ ከቦሌ!"

"እስቲ ያውሱኝ።"

"ሚስትህን ላካት፤ ትግዛልህ።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ወዲያው ደግሞ አዲሱን መዳቢ፣ "ያቺ ሦስተኛዋ መደብ አጥንት በዝቶባታል፣ ከሻኛው ጨምርባት" ብሎ አዘዘው። ልጁም እሺ ብሎ ጨመረ። እኔ ፊቴን በሳህኔ ከለልኩት፤ ዕንባዬን እንዳያዩብኝ።

ከዚያ በኋላ እስኪያርፍ ድረስ አንድም በዓል አልቀረም። እኔም ለሰው ሁሉ፣ ለልቅሶ ለመጣ ሳይቀር፣ ያንን ሰንጢ እንዴት መርጬ እንደገዛሁ ሳላወራ አልውልም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር፤ ከየበዓሉ በኋላ የኮቱ ኪስ ገበር ተቀዶ አገኘዋለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ሰንጢውን ዘግተህ ክተተው እንጂ!" እለዋለሁ መርፌዬን እያነሣሁ።

"ዘግቼው ነው። አንቺ የመረጥሽው ስለት ተዘግቶም ይቆርጣል።"

ይሄን ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ላድርግ።

ካረፈ ዓመታት አለፉ። በቀደም ትልቁ የልጅ ልጄ ሰንጢውን ስጪኝ አለኝ። ደርቆ ነበርና ለስፌት መኪና የሚሆነውን ዘይት ልገዛለት ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ባለሱቁ አሁን ሸምግሏል። ሰንጢውን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጠው ዘይቱን ማምጣት ረሳ። አንሥቶ በሁለት እጁ ከፈተው፣ ከብስኩት ካርቶን ቁራጭ ቀዶ ስለቱ ላይ ጠቀለለበት፣ እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ አስቀመጠው። ሁሉንም ሳያስብበት አደረገው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

ደንግጦ እጁን አየ። "ወይ እማማ… እጄ ለምዶ ነው።"

"ምን ለምዶ?"

"በየበዓሉ ጠዋት ጋሼ ወደ ቅርጫው ሲያልፉ እኔ ነበርኩ ከፍቼ፣ በካርቶን ጠቅልዬ ኮታቸው ኪስ የምከትላቸው። ሲመለሱ እዘጋላቸዋለሁ።"

"ይሄ እኮ በአንድ እጅ ይከፈታል!"

"በቀኝ እጅ ነው እማማ። ጉጧ በአንድ በኩል ብቻ ናት፤ የግራ አውራ ጣት አያገኛትም።"

ጎንበስ ብዬ ጉጧን አየኋት። እሱ በጨርቅ ባንኮኒውን ጠረግ ጠረግ አደረገ።

"ለምን አንተን?" አልኩት በመጨረሻ።

"የእናንተን ሥጋ እኔ አልበላም፤ ቅርጫው ጋ አልመጣም። 'አንተ እዚያ ስለሌለህ ማንም አይጠይቅህም' አሉኝ። ለወንዶቹስ ግድ አልነበራቸውም እማማ፤ የፈሩት እርስዎን ነው። 'ቦሌን ሙሉ ዞራ ያመጣችው ነው፤ የቀኝ እጅ መሆኑን እንዳትሰማ' ብለው አስምለውኝ ነበር።"