በካርታ ላይ መታየት የማይፈልጉ ሱቆች

ሐሳቡ የእሷ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ጀፕስታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና ሳሙና በጅምላ በሚሸጥ የሐበሻ መደብር ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር የተማረችው ግን እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን በዕድሜ ስለምበልጣት ጋሼ ትለኛለች።

አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መደብሩ መጥታ ወረፋውን አየች። ታውንሺፕ ከሚባሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች የመጡ ባለሱቆች፣ አብዛኞቹ የደቡብ ልጆች፣ ስፓዛ የሚባሉትን ትንንሽ የሰፈር ሱቆቻቸውን ዘግተው፣ መኪና ተኮናትረው መጥተው ተራ ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ በስልካቸው አዝዘው ዕቃው ደጃፋቸው ድረስ ቢመጣላቸው ምን አለበት?» አለችኝ።

እንዲህ ቀላል ነገር ሆኖ እስካሁን ሰው ያልሠራው ለምን ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ዓይኗ ሲያበራ አይቼ እሺ አልኳት። እሷ ማዘዣውን የስልክ አፕ ልትሠራ፣ እኔ ነጋዴዎቹን ላግባባ ተስማማን። ባኪ የሚሏትን ከኋላዋ ክፍት የሆነች የጭነት መኪናም ከነሾፌሯ ተከራየን።

መጀመሪያ ያስቸገረን አሠሪዬ ነበር።

«ዋጋዬን ስልክ ላይ ከለጠፍኩ ጎረቤቴ አይቶ ከእኔ በታች ይሸጣል» አለ። «ለመሆኑ ይቺን ልጅ ማን ላካት?»

«ማንም አልላካትም፣ የራሷ ሐሳብ ነው።»

«ማንም ሳይልከው እንዲህ የሚለፋ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ስንት ለምኜው፣ ዋጋውን ጠዋት ጠዋት ለእኔ ብቻ በአፍ ሊነግረኝ ፈቀደ።

ባለሱቆቹ ግን አላስቸገሩም። «እሺ ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ» እያሉ ተመዘገቡ። አፑ ሱቃችሁን ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ ይላል፤ አደረጉ። ከዚያ አንድ ቀን ካርታውን ከፍታ ሳቀች። ሱቆቹ በአብዛኛው አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ ተከምረዋል። አንደኛው እንዲያውም ግድብ መሃል ገብቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ የሚሸጠው ለዓሣ ነው እንዴ?» አለችና ሳቋ ወዲያው ጠፋ።

ጻካኔ የሚባል ታውንሺፕ የሚሠራ አንድ የቆየ ወዳጅ ነበረኝ፣ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ። እሱ ካመነን ሌሎቹ ይከተላሉ ብዬ ይዣት ሄድኩ። ዳቦና የስልክ ካርድ የሚሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ነው። «ሳውቦና ማማ» እያለ በዙሉ ሰላምታ አንዲት አሮጊት አስተናገደና ለእኛ ቀዝቃዛ ለስላሳ በፍርግርጉ አቀበለን። በሩን ግን አልከፈተም።

ስልኳን አሳየችው። ብዙ ጊዜ አየውና «ይሄን ማን ያያል?» አላት።

«እኔና ጋሼ ብቻ።»

«ሾፌሩስ?»

«እሱማ የሚሄድበትን ማወቅ አለበት።»

«ስልክሽን መንገድ ላይ ቢቀሙሽስ?»

ስልኳን ኪሷ ከተተችው።

«እህቴ፣ አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ። እኔ ግን እስከዛሬ የኖርኩት ዕቃ መቼ እንደሚገባልኝ ሰው ስለማያውቅ ነው። ዛሬ በዚህ መንገድ እመጣለሁ፣ ነገ በዚያኛው። ለሚስቴም አልነግራትም።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። አዲስ ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች ገንዘብ ከሚሰጡ ሰዎች ጋር በሰሜኑ የከተማው ክፍል ስትገናኝ ሰንብታለች። ደንበኞችሽ የት የት ናቸው ይሏታል። ካርታውን አሳዪን ይሏታል።

«ደንበኞቼ የተደበቁ ናቸው ልበላቸው?» አለችኝ። «ፐርሚቴንማ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ይዛ ነገ ትጠፋለች እያሉ እኮ ነው የሚያዩኝ።»

የጻካኔው ወዳጄ ግን በኋላ ለእኔ ሲል እሺ አለ። ጥቂቶች ተከተሉት። ለተወሰነ ጊዜ ሥራው ሄደ። ባኪዋ ተጭና ትወጣለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች፤ እኛም መንገድ የያዝን መሰለን።

አንድ ጠዋት ባኪዋ ወደ ጻካኔ ስትሄድ ብራክፓን አካባቢ መታጠፊያው ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሟት። ሾፌሩን አልነኩትም። አውርደው ጥለውት መኪናዋን ከነጭነቷ ይዘው ሄዱ።

«እየጠበቁን ነበር» አለ ሾፌሩ። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትዕዛዝ እየሳሳ ሄዶ ቀረ። ወዳጄ ደወለልኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«አልተቀየምኩም ወንድሜ። ግን ከእናንተ አንዱ ተናግሯል።»

ይቺ ቃል ውስጤ ገብታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሾፌሩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞርኩ። ባኪዋ በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ የምትወስነው እሷ አይደለችም? ቤተ ክርስቲያን ሳገኛት ፊቷን አያለሁ። ስልኳ ሲጮህ ማን ነው ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ።

በዚያው ሰሞን ፎርድስበርግ ሄጄ ገበያው አጠገብ ካለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቀምጣ አየኋት። ስልኳን እያሳየችው ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅሁ። ሰውየው ሲሄድ ገባሁ።

«ማነው እሱ?»

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። «ሥራ ሊቀጥረኝ ያሰበ ሰው ነው። የሠራሽውን አሳዪኝ ስላለኝ አሳየሁት።»

«ካርታውን?»

«ካርታውን አጥፍቼዋለሁ፣ ጋሼ።» ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ፣ «ልንገርህ፣ መኪናው ከተዘረፈ በኋላ የውሸት ትዕዛዝ ልኬልህ ነበር። ለሰው ትናገር እንደሆነ ብዬ ሄጄ መንገዱን ስጠብቅ ዋልኩ» አለችኝ።

«እና?»

«ዘራፊ አልመጣም። ግን ያም አላሳመነኝም።»

ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። እኔም እኮ ማዶ ቆሜ ስሰልላት ነው የቆየሁት። የቀረላትን ምግብ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። በላን። ሥራው በዚያ ተዘጋ።

እነዚያ ባለሱቆች ዛሬም ዕቃ ያዝዙኛል። በድምፅ መልእክት፣ ስም ሳይጠሩ፣ «እንደ ባለፈው» ብለው ብቻ። መኪና እከራያለሁ፣ እወስድላቸዋለሁ። የሚያውቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነሱ ውጭ ማንም አልተጨመረም፣ እኔም አልጋበዝኩም። አዲስ ሥራ እዚህ ለምን አያድግም ሲሉ አንዳንዶች ካፒታል የለም፣ መብራት ይጠፋል ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ለማደግ በማያውቁህ ሰዎች መታመን አለብህ፣ እኛ ደግሞ የምንተዋወቀውም አልተማመንንም።

እሷ አሁን አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች። በበዓል ትደውልልኛለች፣ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች። በየትኛው መንገድ እንደምሄድ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም።