የእናቴ ቅቤና የጎረቤታችን ፅንስ

ልደታ በነበርንበት የቀበሌ ቤት ከጎረቤታችን የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ፍርድ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆና የምትሠራ ወጣት ሴት ነበረች። ባሏ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ወር አልፎት ስለነበር ከአማቷ ጋር ለሁለት ይኖሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ከገጠር የተላከላትን ቅቤ አነጠረች። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሲገባበት ሽታው ግቢውን ሞላው። ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ደም እየፈሰሳት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ፅንሱ ጨንግፎ ነበር። እርጉዝ መሆኗን እንኳ ያወቅነው ያን ዕለት ነው፤ ሆድ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ እርግዝና አይወራምና።

እርጉዝ ሴት የሸተታትን ካልቀመሰች ፅንሱ ይወርዳል ሲባል ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። ስለዚህ አማቷ ምክንያት ለመፈለግ ሩቅ አልሄዱም። በራችን ላይ ቆመው እናቴን፣ "አንድ ማንኪያ ብትልኪላት ምን ይጎድልብሽ ነበር? የልጄን አደራ አጠፋሽብኝ" አሏት።

እናቴ አላወቅኩም ብላ አልተከራከረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ድስት ስትጥድ በርና መስኮቱን ትዘጋ ጀመር፤ ጭሱ እኛኑ ያስለን ነበር። ለነፍስ አባቷም እንደ ነፍሰ ገዳይ ተናዘዘች።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ፊቷ እንደገረጣ፣ አማቷን እጃቸውን ይዛ መጣች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የነገረቻትን በዝግታ አስረዳችን። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጨነግፍ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ከጅምሩ በደንብ ያልተፈጠረ ነው፤ አንዳንዴም የእናትየዋ ሕመም ያመጣዋል፤ የምግብ ሽታ ግን አያስወርድም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከመምህራችን የሰማሁትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጎረቤታችን ግን ይህን የተናገረችው ሐዘኗ ገና ሳይወጣላት፣ ሌላ ሰው ከወቀሳ ለማዳን ብላ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ከአልጋዬም የምነሳ አይመስለኝም።

አማቷ አላመኑም። "ነርስ ምን ታውቃለች? እሷ ራሷ ወልዳም አታውቅ ይሆናል" አሉ።

ጎረቤታችን እጃቸውን ሳትለቅ፣ "እማማ፣ እርስዎ ሁለቱን ፅንሶች ሲያጡ ማን ቅቤ አንጥሮ ነበር?" አለቻቸው።

እኛ ስለዚያ ሰምተን አናውቅም። አሮጊቷ የነጠላቸውን ጥለት እያሻሹ ለእናቴ፣ ያኔ የባላቸው እናት በቀትር ወንዝ ወርደሽ ተለክፈሽ ነው ብለው እንደወቀሷቸው፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ ሁለቱን ልጆች በገዛ እግሬ ሄጄ አጠፋኋቸው ሲሉ እንደኖሩ ነገሯት። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አሮጊቷ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ "ያቺ ነርስ ያለችውን እስቲ ድገሚልኝ" አሉ።

ደገመችላቸው። ጥቂት ቆይተው አንድ ጊዜ ደግሞ አስደገሟት።